የአባቷ አፍንጫ ጉዳይ

«አስር አለቃ፣ እርስዎ ሲናገሩ እሳቸው መስማት የለባቸውም» አለች ዳኛዋ፤ ከአባቷ የቀድሞ ጓዶች ሁለተኛውን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ በክብር ደግፋ ወደ ጓዳ አስገባቻቸውና በሩን ዘጋች። ሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

እናቷ ከወንበራቸው ሆነው አጉረመረሙ፤ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ለቅሶ ቤት ነው ወይስ ችሎት?»

ዳኛዋ ወደ አስር አለቃው ዞረች። አባቷ ወታደር ሳሉ፣ አለቆቻቸው በምስጢር አንድ ጋዝ ሞክረውባቸው ማሽተት እንደተሳናቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩ ኖረዋል። ድስት አርሮ ጎረቤት እየጮኸ ሲሮጥ፣ እሳቸው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን እሷ፣ እንግዳ በተሰበሰበበት ገበታ ላይ፣ «አባዬ፣ ሰነድ የለህ፣ ምስክር የለህ፤ ቃልህ እምነት አይጣልበትም» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጋዙ ትንፍሽ ሳይሉ ሞቱ። ያ ፍርዷ አሁን እንቅልፍ ነሥቷታል።

አስር አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጋዙ አረንጓዴ ነበር፤ እንደ እባብ እየተሳበ መጣ።»

ፀጉር አስተካካዩም ተራቸው ደርሶ ከጓዳ ወጡ። «አረንጓዴ! እንደ እባብ እየተሳበ መጣ።»

«መንገድ ላይ ተማክራችኋል።»

«ኧረ ታክሲ ውስጥ ነው!» አሉ ፀጉር አስተካካዩ። አስር አለቃው በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸውና እውነቱን አወጡ። «ለአባትሽ ብለን ነው እንጂ፣ እኛማ የዚያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበርን።»

ዳኛዋ ተስፋ ቆርጣ ልትነሣ ስትል፣ በሩ አጠገብ ኮፍያቸውን ሲያሻሹ የቆዩት ሽማግሌ፣ በዚያው ጦር ሰፈር የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበሩት፣ አፋቸውን ከፈቱ።

«ቀለም አልነበረውም» አሉ። «የጋዝ ጭንብል አዳዩ እኔ ነበርኩ። አንድ ጎደለ። ፈራሁና የአባትሽን ለራሴ አጠለቅሁት።»

ዳኛዋ በሃያ ዓመት ሥራዋ፣ ራሱን ለማዋረድ ብሎ የሚዋሽ ምስክር አጋጥሟት አያውቅም።

«ታዲያ አባዬን ምስክር የለህም ስለው፣ ለምን እርስዎን አልጠራም?»

«ልምጣ ብዬው ነበር። አርፈህ ተቀመጥ፣ ልጄ ቀልድ አታውቅም፣ ታስርሃለች አለኝ።»

እናቷ ሳቅ አመለጣቸው፤ ፈጥነው አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ተነሥተው መጡና ሁለት እጆቻቸውን ገጥመው፣ እንደ እስረኛ፣ ለካቴና ዘረጉላት።

ዳኛዋ ከጠረጴዛው ላይ ትኩስ ሻይ አነሣች። ብርጭቆውን በተዘረጉት መዳፎች መካከል አኖረችና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠፈች አስያዘቻቸው፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝም እጆቿን ከእጆቻቸው ላይ አላነሣችም።