የእህቴ ባል ዋጋ

እህቴ ሴቫስቲ የነካችው ሁሉ ይሳካላታል። በኛ የግሪክ ደሴት የእናት ቤት የበኩር ሴት ልጅ ነው፤ ስለዚህ ባሕሩን የሚያየውን ቤት እሷ ወሰደች። እኔ ሁለተኛዋ ከዓሣ ማከማቻው ጀርባ ተከራይቼ ክርፋቱን እምጋለሁ። ዘንድሮ ባንኩ ለቤት መሥሪያ ሊያበድረን ተስማማ፤ ባሌ ሳኬላሪስ የሕይወት ኢንሹራንስ ከገባ ነው ታዲያ። እሷስ መች ትቀራለች! «ፓንደሊስም ተበድሮ ጀልባ ይግዛ» ብላ ባሏን አመጣች። የኢንሹራንሱ ሰው ስታቲስ ከጎረቤት ደሴት ከኮስ ሲመጣ ሁለቱን ባሎች እሷው ሳሎን አስቀምጦ ይጠይቃቸው ጀመር።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«ኧረ እኔ አላጨስም!» አለ ፓንደሊስ። የኔው ጉድ ጣቶቹ ቢጫ ሆነዋል፤ ምን ብሎ ይካድ?

«አባትዎ በሕይወት አሉ?»

«ትናንት ዓሣ አጥምዶ መጣ» አለ ፓንደሊስ።

የሳኬላሪስ አባት በጎልማሳነቱ ነው ልቡ ቀጥ ያለው። ሚዛን ላይ ሲወጡማ የሆነው ባይወራ ይሻላል።

«እርስዎ በትንሹ ይከፍላሉ፣ ፓንደሊስ» አለ ስታቲስ። «በእርስዎ ላይ ግን፣ ሳኬላሪስ፣ እጥፉ ነው የሚመጣው።»

እጥፉንም ቢሆን እንደምንም እንከፍል ነበር። ግን ሴቫስቲ ፈገግ ብላ የባሏን ትከሻ ስትደባብስ ሳይ ደሜ ፈላ። በባልም ትብለጠኝ?

«አደገኛ የትርፍ ጊዜ ልማድ አላችሁ?»

ሁለቱም «የለንም» አሉ። አልዋሹም፤ እኛ ጋ ለፋሲካ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ድማሚት መወርወርን አደጋ የሚለው የለም፤ የበዓሉን እንቁላል ቀይ ቀለም እንደመቀባት ነው። እኔን ግን አላስቻለኝም።

«እንዴት የለም ትላለህ ፓንደሊስ? የድማሚት ወርዋሪዎቹ አለቃ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ቴመሊና!» አለች እህቴ።

«ምን ቴመሊና ትይኛለሽ? ይወቁት እንጂ!»

ስታቲስ ክው አለ። «ድማሚት? በእጅ?»

«ትቼዋለሁ» አለ ፓንደሊስ ረጋ ብሎ። «ልጃችን ስትወለድ ሴቫስቲ ለመነችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ቄሱን ይጠይቁ፤ በፋሲካ ሌሊት አጠገባቸው ሻማ ይዤ ነው የምቆመው።»

«ታዲያ ማነው አለቃው?» አልኩ በእልህ።

ሳኬላሪስ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። ለካ በየዓመቱ «ለወንዶቹ ወይን ላድርስላቸው» እያለኝ የሚወጣው ለዚህ ኖሯል!

«አንተ!»

«ምን ላድርግ፣ ፓንደሊስ ሲተው ቦታው ባዶ ይቅር?» አለ።

«ይቅርታ፣ እንዲህ ያለውንማ ድርጅታችን አይቀበልም» አለ ስታቲስና ቦርሳውን ዘጋ። ያለ ኢንሹራንስ ብድር የለም፤ ቤቴም በዚያው ቀረ።

ሴቫስቲ ኩሽና ድረስ ተከትላኝ መጣች። «አውቅ ነበር እኮ! ቤትሽን ሥሪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ምን አንገበገበሽ አንቺ?»

ምን አንገበገበሽ ትላለች እንዴ! ቤቱም ይቅር፣ ጀልባውንም ይግዙ። የሷ ባል አንዴ ስትለምነው ተወላት። የኔው እንድለምነው እንኳ አልነገረኝም።