እሳት የላሰችው

ኡበይድ ሰሚሃን መጀመሪያ ያያት ውጫሌ፣ በአክስቱ ልጅ ሰርግ ላይ ነው። ዳሱ ውስጥ ምግብ የሚያቀርቡና እጅ የሚያስታጥቡ ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ የእሱ ዐይን ግን አንዷን ተከትሎ ሲዞር ዋለ። የያዘችውን ትሪ ሳታስቀምጥ ሌላው ይታያታል። ስትናገር ቃሉ ከአፏ እየተጋፋ ይወጣል፤ ስትስቅ ሰው ዞር ብሎ ያያታል። ዐይኖቿ ደግሞ ትልልቅ፣ የሚያበሩ፣ ጨፈን የማይሉ ናቸው። አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ አየት አደረጓትና፣ ይቺስ እሳት የላሰች ናት አሉ።

ኡበይድ ያንን ቃል ይዞ ሐይቅ ከተማ ገባ። እናቱ አሪፋ ወሬውን ስትሰማ ደስ አላት። ጉልበቷ እየደከመ፣ የቤቱ ሥራ እየከበዳት ነበርና ቀልጣፋ ምራት ስትመኝ ኖራለች። ሽማግሌ ተላከ፤ ኒካሕ ታሰረ፤ ሰሚሃም ከአምባሰል ተራራ ሥር ካለው የእናቷ ቀዬ ወደ ሐይቅ መጣች።

የመጀመሪያውን ዓመት አሪፋ ምራቷን ለጎረቤት አመስግና አትጠግብም ነበር። ከሱብሒ ሶላት በፊት ግቢው ተጠርጎ፣ ውኃው ተቀድቶ ይጠብቃታል። ሰሚሃ የሁለት ሰው ምግብ ትበላለች፤ ወገቧ ግን እንደ ሰንበሌጥ ነው። በታኅሣሥ ብርድ ሰው ሁሉ ጋቢ ሲደርብ እሷ በስስ ቀሚስ መስኮት ከፍታ ትቀመጣለች። የድስት ክዳን ጠፋ ብላ ትጮኽና፣ የተጮኸበት ሰው ተቀይሞ ሳይጨርስ እሷ መሳቅ ትጀምራለች። ኡበይድ ይህን ሁሉ ተፈጥሮዋ ነው ብሎ ተቀበለው፤ ወደደውም። ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ዳር በባጃጁ ሰው ሲያመላልስ ውሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ድምፅዋን ከአጥሩ ውጭ ሲሰማ ድካሙ ይቀለው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ግን ማንም የማያመሰግነው ነገር መጣ። እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ፀጉሯ በማበጠሪያው ተነቅሎ ይወጣል። የያዘችው ፅንስ ወረደባት። አንገቷ ላይም ትንሽ እብጠት ታየች፤ አሪፋ ዳብሳ፣ እንቅርት ነው፣ በእኛ አገር እንቅርት አዲስ አይደለም ብላ ተወችው። የቀረውን ሁሉ ግን በሰው ዐይን አሳበበች። ብዙ ስለተመሰገነች ነው አለች፤ ቁርአንም ተቀራላት።

አንድ የገበያ ቀን ሰሚሃ ውጫሌ በርበሬ ልትገዛ ወርዳ መሐል ገበያ ላይ ተቀመጠች፤ መነሣት አልቻለችም። ሰዎች ደግፈው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ነርሷ የልብ ምቷን ይዛ ቆየችና፣ ሳትውል ሳታድር ደሴ ሂጂ ብላ መሸኛ ጻፈችላት።

ደሴ ላይ ያየቻቸው ሐኪም ዶክተር ሰላማዊት ትባላለች፤ ረጋ ያለች ወጣት ናት። የሰሚሃን አንገት ዳሰሰች፣ እጇን ዘርግታ እንድታሳያት ጠየቀቻት፣ ዐይኖቿንም ትኩር ብላ አየች። ደም ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አስቀምጣ ነገረቻቸው። አንገት ላይ ያለችው ታይሮይድ የምትባል ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራች ነው አለች። ኡበይድ ባጃጅ ነጂ መሆኑን ስትሰማም፣ ባጃጅህ ቆማ ሳለች ነዳጅ ሳትሰጣት ሞተሯ ቢጮኽ ምን ትላለህ አለችው። ይቃጠላል አላት። የሚስትህም ልብ እንደዚያው ነው አለች።

ክኒኑ በየዕለቱ፣ ጠዋት፣ ቀንና ማታ የሚዋጥ ነው። የልብ ምቱን የሚያበርድ ሌላም አለ። ሕክምናው ረጅም ነው፤ ዓመት ያልፋል፣ ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል፤ በየጊዜው ደም ይታያል። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ክኒኑን አቁማ በዚያው ቀን መምጣት አለባት። ሳያማክሩ መፀነስም ለጊዜው አይሆንም። ከሁሉም በላይ፣ ተሻለኝ ብላ በራሷ እንዳታቋርጥ።

ዶክተሯ ይህ ሁሉ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች። ሰሚሃ አሰበች። ላቡ፣ ሙቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የልቧ መምታት የጀመረው ገና በእናቷ ቤት ሳለች ነው፤ ልጅነት መስሏት ነበር። ዐይኖቿም የጎሉት ያኔ ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አማረብሽ ይላት ነበር።

ኡበይድ በልቡ ወደ ኋላ ሄደ። እሱ ሲያያት በሽታው አስቀድሞ እሷ ላይ ነበር ማለት ነው። እስከ ሐይቅ ድረስ በሚኒባሱ መስኮት ውጭ ውጩን እያየ መጣ።

መድኃኒቱ እንደተባለው ሠራ። እጇ መንቀጥቀጥ ተወ፣ ልቧ በረደ፣ ገላዋ ሞላ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ሰሚሃ ጎሕ ከቀደደ በኋላ መነሣት ጀመረች። መስኮቱ ተዘጋ፤ ጋቢ ደረበች። ስታወራ በመሐል ታርፋለች፤ ሲጠይቋት ወዲያው አትመልስም። ጩኸቱም፣ ሳቁም አብረው ሄዱ። አሪፋ በየጎረቤቱ፣ መድኃኒቱ ምራቴን አደነዘዘብኝ ማለት ጀመረች፤ ሰሚሃም ትሰማለች። ኡበይድ ለማንም አይናገር እንጂ እሱም ከእናቱ አልተሻለም። ቤት ሲገባ አንዲት ዝምተኛ፣ ፊቷ ሞላ ያለ ሴት ሰላም ትለዋለች። ክፉ አይደለችም፤ ግን አያውቃትም። ሚስቱ በሕይወት እያለች የናፈቀችው መሰለው፤ ይህን ማሰቡም አሳፈረው።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከአጥሩ ውጭ ሳቋን ሰማ፤ የድሮውን ሳቅ። ግቢውን እየጠረገች ከአሪፋ ጋር ትቀልዳለች። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነች። በሳምንቱ የሆነ ነገር ሊፈልግ መደርደሪያው ላይ እጁን ሲሰድ ክኒኑን አገኘው፤ ከሳምንታት በፊት ካየው ወዲህ አንድም አልጎደለም። ኡበይድ ክኒኑን መልሶ አስቀመጠው። ወጥቶም አላናገራትም።

ያ ደስታ ብዙ አልቆየም። ልቧ እንደገና መሮጥ ጀመረ፤ አሁን ደግሞ አንዴ ሮጦ አንዴ ቆም የሚል፣ ሥርዓት የጠፋው ነበር። እያላባትና እየቃዠች ደሴ አደረሷት፤ አስተኟት። ዶክተር ሰላማዊት አልተቆጣችም። ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ አናተርፋትም ነበር ብላ ብቻ ነገረችው፤ ይህም ከቁጣ ባሰበት።

ልቧ ከረጋ በኋላ፣ ኡበይድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ሰሚሃ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

«ክኒኑን እንደተውኩ አውቀህ ነበር» አለችው።

ሊዋሽ ፈልጎ አልሆነለትም። «አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ስትስቂ ሰማሁሽ» አለ።

ብርድ ልብሱን ወደ ደረቷ ሳበች። ከዚያ በቀስታ፣ «እኔም የተውኩት ለዚያው ነው። እንደ እንግዳ ትመለከተኝ ነበር» አለች። «ያቺኛዋን መውደድህን አውቃለሁ። ግን እሷ ትገድለኛለች፣ ኡበይድ።»

ኡበይድ እጇን ያዘ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ጥቂት እንድታርፍ ተብሎ ወደ እናቷ ወደ ሀውራ ቤት ሄደች። ኡበይድ ሳምንታት ቆይቶ ሊጠይቃት ከውጫሌ ተነሥቶ ወደ ተራራው ሥር ወጣ። አጥር ሲደርስ እናትና ልጅ ደጃፉ ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኛቸው። ሰሚሃ አንዷን ጠጠር አንሥታ ዐይታ ትጥላለች፤ ሌላዋን ትፈልጋለች። በመሐላቸው ወሬ የለም፤ ግን ዝምታው የተቀያየሙ ሰዎች ዝምታ አይመስልም። ሰሚሃ ውኃ ልታመጣለት ስትገባ ሀውራ ወደ እሱ ጠጋ አሉ።

«አላህ ይስጥህ ልጄ» አሉት። «ልጄን መለስክልኝ።»

ኡበይድ ግራ ገባው። ተለወጠች ብለው የሚወቅሱት መስሎት ነበር።

«ትንሽ ሳለች ይቺ ልጅ ዛሬ ጠይቀሃት የምትመልስልህ ነገ ነው እያልን እንስቅባት ነበር» አሉ ሀውራ። «ዝም ብላ ስታይ ውላ፣ ማታ አንድ ቃል ትናገራለች፤ ያቺን አንድ ቃል ግን ቤቱ ሁሉ ይይዛታል። ኋላ ምን እንደነካት እንጃ፣ እንደ ወፍ ሆነችብኝ። አገሩ ሁሉ ሲያመሰግናት እኔ ልጄ ወዴት ሄደች እያልኩ ዝም አልኩ። ሰው የሚያደንቀውን ነገር እንዴት ብዬ በሽታ ነው ልበል? አንተም የወሰድካት ሳታውቃት ነው፤ አልፈርድብህም።»

ሰሚሃ ውኃውን ይዛ ወጣች። ኡበይድ ጠጣና ቁጭ ብሎ አብሯቸው ምስር መልቀም ጀመረ። እስኪመሽ ድረስ የተነጋገሩት ጥቂት ነው። ሲመለስ ግን የተነጋገሩትን ሁሉ ያስታውስ ነበር፤ ስለ ባጃጁ ጎማ ጠይቃው፣ ሲመልስላት እስኪጨርስ ድረስ ጠብቃው ነበር። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ንግግሩን አንድ ጊዜ እንኳ አስጨርሳው እንደሆነ ቢያስብ አልመጣለትም።

ሰሚሃ ወደ ሐይቅ ስትመለስ ኡበይድ እናቱን ለብቻዋ አስቀምጦ አነጋገራት። በመድኃኒቱ ላይ ክፉ ቃል እንዳይወጣት ለመናት። አሪፋ አኮረፈች፤ እኔ የተናገርኩት ለእሷው ብዬ ነው አለች። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ታጉረመርማለች፤ ጎረቤት ፊት ግን ተወችው። አንድ ቀን ደግሞ ክኒኑ የሐይቅ መድኃኒት ቤቶች ውስጥ ሲጠፋ፣ ልጇ ተሳፋሪውን ትቶ ደሴ ድረስ ሄዶ እንዲያመጣ ያስቸኮለችው እሷው ሆነች።

ዓመቱ ዞሮ ዶክተር ሰላማዊት መጠኑን ቀስ በቀስ ቀንሳ አይታ ነበር፤ ዕጢዋ እንደገና ተነሣችባቸው፤ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። ይህ የሚያጋጥም ነው አለቻቸው። ሌላ ሕክምናም አለ፤ ቀዶ ጥገናም አለ፤ ሁሉንም አስረድታቸው ለጊዜው በክኒኑ መቀጠልን መረጡ።

ረመዳን ሲገባ ሰሚሃ ልትጾም ፈለገች። ዶክተሯ ልብሽ በደንብ ሳይረጋ አይሆንም አለች፤ የመስጊዱ ኢማምም በሽተኛ ዑዝር፣ ከጾም የሚያስቀር ምክንያት፣ እንዳለው ነገሯት። ቢሆንም አፈረች። ሰው ሁሉ ጾሞ ሳለ ቀን ላይ ውኃ መጠጣት ከበዳት፤ ክኒኗን ጓዳ ገብታ፣ ከአሪፋም ተደብቃ ትውጥ ነበር። ኡበይድ ይህን ሲያውቅ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ባጃጁን ደጅ ላይ አቁሞ ወደ ጓዳ መግባት ጀመረ። ከንፈሩ ደርቆ፣ እሷ እስክትውጥ፣ የቀረበላትንም እስክትበላ አጠገቧ ይቀመጣል። መጀመሪያ ፊቷን ታዞርበት ነበር፤ በኋላ ተወችው።

ከነዚያ ቀናት በአንዱ፣ በየቀኑ እየታየው ሲከብደው የኖረውን ጥያቄ ጠየቃት።

«ዕድሜ ልክሽን የምትውጪው ቢሆንስ?»

ሰሚሃ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እንደ ልማዷ ወዲያው አልመለሰችለትም። ኡበይድም አሁን አሁን መጠበቅን ለምዷል፤ ከውጭ ተሳፋሪ ቢጠራውም አልተነሣም።

«መጀመሪያ ያስፈራኝ እሱ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አሁን ግን ጠዋት ስውጠው ዛሬም አለሁ እላለሁ። ከዚያ ወደ ሥራዬ እገባለሁ።»

ሳህኗን ወደ ፊቷ ሳበችና መብላት ጀመረች፤ እሱም እስክትጨርስ ተቀመጠ።