ከምርመራው በፊት የታጨደ ጤፍ

ለልቤ የታዘዘልኝን ኪኒን ከጀመርሁ ወዲህ ጭኔን ያመኝ ነበር። መርሳ ክሊኒክ የምትሠራው ነርስ፣ ቤተልሔም፣ ይህን ብነግራት፣ «ደም እንወስዳለን፤ አይስጉ፣ አያ ሀብቴ» አለችኝ። «ኪኒኑ አንዳንዱን ሰው ጡንቻውን ይጎዳዋል። ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚያፈስሰው ነገር አለ፤ እሱን ነው የምናየው። የተለመደ ነው። ብቻ ደሙን እስኪሰጡ ከባድ ሥራ አይሥሩ።»

«ቢገኝስ?»

«ኪኒኑን እንቀይራለን።»

እኔ ሌላ ነው ያሰብሁት። ኪኒኑ ከቀረ ልቤ ትቆማለች። እኔ ከሞትሁ ሚስቴ አስካለ ብቻዋን ትቀራለች። ከአጥሬ ማዶ ደግሞ ደሳለኝ አለ። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል። አስካለን እኔ ሳላገባት በፊት ሽማግሌ ልኮባት ነበር።

ጊዜው የጦርነቱ ጊዜ፣ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ከሰሜን መድፍ ይሰማል። ጎረምሳው ሁሉ ዘምቷል። ልጇ የዘመተባትን የእታፈራሁን ጤፍ ለማጨድ ደቦ የወጣነው ሽማግሌዎች ነን። ከደቦ መቅረት ነውር ስለሆነ እኔም ዳር ልቀመጥ ሄድሁ።

ደሳለኝ ከሁሉ ቀድሞ ያጭዳል። አስካለ ጠላ ይዛ መጣችና ቆማ አየችው።

«ውይ ደሳለኝ! ጎረምሳ መስለሃል እኮ!»

«ጎረምሶቹ ሲዘምቱ ጉልበታቸውን አደራ ሰጥተውኝ ነው።»

ሳቀች። እኔ ቤት እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ማጭድ አነሣሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ነርሷ ምን አለችህ?» አለች አስካለ።

«ነርሷ እዚህ የለችም።»

ከደሳለኝ ጎን ገባሁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቀና አላልሁም። ቢሆንም ቀደመኝ።

በማግስቱ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ሲመጣ ቤተልሔም ወረቀቱን ደጋግማ አየችው።

«ከፍ ብሏል። ሰሞኑን ምን ሠርተው ነበር?»

«ምንም።»

«ጤፍ አጭዷል» አለች አስካለ። «ከደሳለኝ ጋር ሲፎካከር።»

ቤተልሔም ሳቋን ዋጠች። «እንግዲህ ኪኒኑ ይሁን ማጭዱ በምን እንለያለን? ሳምንት ያህል ይረፉ፤ ውሃ ይጠጡ፤ እንደገና እንወስዳለን። ሽንትዎ ከጠቆረ ግን ቶሎ ይምጡ።»

በዚያው ሳምንት ደቦው ወደ እኔ ማሳ ዞረ። ደሳለኝ ፊት ሆኖ ጤፌን ያጭዳል፤ እኔ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አያለሁ። አስካለ የጠላውን ጆግ ይዛ ስትነሣ ከእጇ ወሰድሁባት።

«አትሥራ ተብለሃል!»

«ጠላ መቅዳት ሥራ አይደለም።»

ለደሳለኝ እኔው ቀዳሁለት። «ተባረክ» አለኝ።

ሁለተኛው ውጤት ደህና ሆነ። «ማጭዱ ነበር» አለች ቤተልሔም። «የጭንዎ ሕመም የዕድሜ ይመስለኛል። ኪኒንዎን ይቀጥሉ።»

«አሁንስ ልብህ አረፈ?» አለችኝ አስካለ፣ ወደ ቤት ስንመለስ።

ማሳችን ዳር ደረስን። ጥግ ላይ ጥቂት ጤፍ ሳይታጨድ ቆሟል።

«ደሳለኝ ነው የተዋት። ደህና ሲሆን የማሳውን መጨረሻ ራሱ ይጨርስ ብሎ።»

«መቼ ነው የነገረሽ?» አልኋት።