የጎማው ዕድሜ

በኬንያዋ ሞያሌ ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሾፌር ሁሉ መጀመሪያ ወደ መክብብ ይመጣል። ሌላው ጎሚስታ ይነፋል፣ ይለጥፋል፤ መክብብ ግን ያነባል። ጎማውን እያሽከረከረ፣ የጎኑን አቧራ በአውራ ጣቱ እየጠረገ፣ ይኼ ስፋቱ ነው፣ ይኼ የሚችለው ጭነት ነው፣ ይኼ የፍጥነቱ ልክ ነው ይላል። በመጨረሻ የተሠራበትን ጊዜ የሚናገሩትን አራት ቁጥሮች ይፈልጋል። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው፣ የኋለኞቹ ዓመቱ። በዚህ አገር ሙቀት ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ፣ አዲስ ቢመስልም፣ አይገጥምም። ደንበኛ ቢቆጣ፣ ቢሳደብ፣ እሱ ወይ ፍንክች።

ፋብሪካ የሚቆጥረው በፈረንጅ ዘመን መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ተሰዶ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ያደገ ሰው ነው፤ ሁለት ዘመን መቁጠርን እንደ ሁለት ቋንቋ ለምዶታል። ቤትና ቤተ ክርስቲያን በሐበሻ፣ ሥራ በፈረንጅ። ታዲያ አንድ ቀን ተምታታበት። አንድ ቀን ብቻ!

ቀኑ አንድያ ልጁ ቃልኪዳን ማርሳቢት ኮሌጅ ልትገባ የምትሄድበት የነሐሴ ጠዋት ነበር። ደስታው ልክ አጥቶ ያገኘውን ሁሉ ያቆማል። «በዘጠና ዘጠኝ ተወለደች፣ ዘንድሮ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት ሞላት እኮ!»

«ኧረ በቃህ፣ ሰው ሁሉ ሰማ» አለችው ሚስቱ ወይንሸት እየሳቀች።

ልጅቷን የሚያደርሳት ጎረቤታቸው አዳን ነበር፤ መንገደኛ እየጫነ ማርሳቢት የሚመላለስ ሾፌር ነው። ለፊት እግር የሚሆን ያገለገለ ጎማ እያንከባለለ መጣ።

«ፈንዲ፣ አንተ ባለሙያው፣ ይቺን እስቲ እይልኝ።»

መክብብ በአውራ ጣቱ ጠረገው። 3412 ይላል። አሥራ ሁለትን ከአሥራ ሰባት ቀነሰ። «አምስት ዓመቱ ነው፣ ገና ይሠራል» አለና ራሱ ገጠመው። ቃልኪዳን ጉንጩን ሳመችውና ከፊት ተቀመጠች።

ዋልዳን እንዳለፉ የፊት ጎማው ፈነዳ። መኪናው ተገለበጠ። አዳን ክንዱ ተሰበረ። ቃልኪዳን ሞተች።

ትራፊኩ «ከመጠን በላይ ፍጥነት» ብሎ ጻፈ። ከተማው በአዳን ላይ ተነሣ፤ ወይንሸት ፊቷን እየነጨች ረገመችው። በሦስተኛው ቀን መክብብ የመኪናው ስብርባሪ ወደቆመበት የፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ምን ሊያይ እንደሄደ ራሱም አያውቅ። ከተቀደደው ጎማ አጠገብ ተቀመጠና ጎኑን ጠረገ። 3412። በዚህ ጊዜ የማንም ዕድሜ ጭንቅላቱ ውስጥ አልነበረም። ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት በፈረንጅ ነው፤ በፈረንጅ ደግሞ አሁን ሃያ አምስት ነው። አሥራ ሦስት ዓመት። ምነው ያን ጠዋት እጄን ባደረቀው ኖሮ፣ አለ።

ግን ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ የሰው ልጅ ስትረግም እየሰማ፣ አራት ቀን ሙሉ ዝም! ሐዘን ነው እንዳንል፣ ፍርሃትም ነበረበት።

በሰባተኛው ቀን ሽማግሌዎች ከሄሉ ሰፈር ተነሥተው አዳንን ይዘው ወደ ለቅሶው ድንኳን መጡ። አዳን ክንዱ እንደታሰረ ተንበረከከ።

«ጋሼ፣ እትዬ፣ ፈጥኜ ነበር። ቀስ ብዬ ብነዳ ኖሮ ትተርፍ ነበር።»

የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ጅሎ ቀጠሉ። «ፖሌ ሳና፣ እጅግ አዝነናል፣ ኦቦ መክብብ። ልጃችን ልጃችሁን አሳጣችሁ። አባትም እናትም ይቅር በሉን።»

ወይንሸት አንገቷን አቀረቀረች። መክብብ ተነሣ።

«አዳን፣ ተነሥ። ፍጥነት አይደለም። ጎማው አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። አምስት ነው ብዬ የገጠምኩልህ እኔ ነኝ።»

ጅሎ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐዘኑ ነው የሚያናግረው። ውኃ ስጡት።»

«አእምሮዬ ደህና ነው!» አለ መክብብ። «በሐበሻ ቆጠርኩት። የልጄን ዕድሜ ስቆጥር አርፍጄ፣ ጎማውንም በዚያው ቆጠርኩት።»

ሽማግሌዎቹ ምኑም አልገባቸውም። ለወይንሸት ግን ገባት። ቀና ብላ አየችው።

«አሥራ ስምንት ሞላት እያልክ...» አለችና መጨረስ አቃታት።

ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ወደ አዳን ሄደችና እጇን ራሱ ላይ ጫነች። «አንተን ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ። ስለረገምኩህ አንተም ይቅር በለኝ።»

አዳን እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጅሎ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፣ ሰዉም አሜን አለ። መክብብ እንደቆመ ተራውን ይጠብቃል። ወይንሸት ነጠላዋን ሰብስባ፣ በአጠገቡ አልፋ፣ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች።