ሁለት እጅ ያልጻፈው ዙር

ሪከርዱን የሰበረችው ልጅ ስም አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ኮልሃፑር መድረስ ነበረበት። ከዚያ በኋላ የየከተማቸውን ሪከርድ የያዙ ልጆች የሚጠሩበት የክልሉ ቡድን የልምምድ ዝርዝር ይዘጋል፤ የዘገየ ለከርሞ ነው። አሁን አሥር ሰዓት አልፏል። የከተማውን የክሪኬት ሪከርድ የሚያጸድቁት ሽሪፓድ ኬልካር ግን ማኅተሙን ገና ከመሳቢያው አላወጡም።

ፊታቸው ሁለት የነጥብ መዝገቦች ተዘርግተዋል፤ አንዱ የምሩናል ጋዋንዴ ትምህርት ቤት፣ ሌላው የተጋጣሚዋ። የአሥራ አምስት ዓመቷ ምሩናል በትናንቱ የክሪኬት ጨዋታ ብቻዋን ሦስት መቶ አንድ ነጥብ አስቆጥራለች ይላሉ ሁለቱም። የከተማው ሪከርድ ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያስመዘገበችው ደግሞ ሱናንዳ ኬልካር ናት፤ የእኚሁ ሽማግሌ ልጅ።

«መዝገቦቹ እኮ ቁርጥ አንድ ናቸው፣ ሳኼብ» አለ የምሩናል አሰልጣኝ ታምቤ፤ መቀመጥ አቅቶታል።

«ችግሩም እሱ ነው። ሠላሳ አንደኛውን ዙር እየው። በአንድ ዙር ስድስት ኳስ ነው የሚወረወረው፤ እዚህ ሰባት ተጽፏል። እዚያም ሰባት። ሁለት ሰው ለየብቻው ልክ ሊጽፍ ይችላል። ለየብቻው አንድ ዓይነት ስህተት ግን አይሳሳትም።»

ለተጋጣሚው ቡድን መዝጋቢ ደወሉ። ሰውዬው ብዙም አላስቸገረም።

«ሻይ ልጠጣ ወጣ ብዬ ነበር። አንዷን ዙር የልጅቷን ቡድን ነጥብ ከምትይዘው መምህሯ መዝገብ ገለበጥኩ። ማን የማይገለብጥ አለ፣ አጎቴ?»

ሁለት እጅ ለየብቻው ያልጻፈው ዙር ዳኛው ካልመሰከረለት አይጸድቅም፤ ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ኬልካር ናቸው። ዳኛውን ፈልገው አገኙት።

«አስታውሳለሁ እንጂ» አለ ዳኛው። «አራት ነጥብ የተባለው ኳስ ዱላዋን አልነካም። የእግሯ መከላከያ ላይ ነጥሮ ነው ድንበር ያለፈው። ነጥቡ ለቡድኑ ነው እንጂ ለልጅቷ አይደለም። ጉልበቴን መታ መታ አድርጌ ምልክት ሰጠሁ፤ መምህሯም አይቻለሁ ብላ እጇን አነሳች። ወይ ዝንብ እያባረረች ይሆናል።»

ያው ኳስ አንዴ ለቡድኑ፣ አንዴ ለልጅቷ ተጽፎ ነው ሰባት የሆነው። ኬልካር አራቱን ቀነሱ። ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት።

ታምቤ ቁጥሩን በትከሻቸው ላይ አንገቱን አስግጎ አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«በአንድ ነጥብ! የልጅዎ ሪከርድ በአንድ ነጥብ ተረፈላት። እስቲ ይንገሩኝ፣ የሱናንዳን መዝገብስ እንዲህ በማጉያ መነጽር አይተውት ያውቃሉ? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ።»

ኬልካር ሊያባርሩት ከወንበራቸው ተነሱ። ቆመውም ቀሩ። ሱናንዳ ሪከርዱን ባስመዘገበች ቀን የቡድኗ መዝጋቢ እሳቸው ነበሩ። ከምሳ በኋላ ባለቤታቸው ፑራንፖሊ የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ ይዛ መጣች፤ አጠገባቸው የተቀመጠው የተጋጣሚው መዝጋቢ «አንተ ጻፍ፣ እኔ ትኩሱን ልቅመስ» አለ። ሲመለስ መዝገባቸውን ገፋ አደረጉለት፤ ሁለት ዙር ገለበጠ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእንግዳ ሁሉ ሲያሳዩት የኖሩት ገጽ ይኸው ነው። የዚያን ቀን ዳኛ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ሽማግሌው አፈሩ።

ቁም ሳጥኑን ከፍተው የበለዘውን መዝገብ አወጡ። በሁለቱ ዙሮች ለሱናንዳ የተጻፈው አሥራ አንድ ነጥብ ነው። ምስክሩ አባቷ ብቻ። ያለ እነሱ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ይቀራል።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ልጃቸው ወደምትኖርበት ፑኔ ደወሉ።

«ሱናንዳ፣ ከምሳ በኋላ ያሉት ሁለት ዙሮችሽ ሁለተኛ እጅ የላቸውም። ልሰርዛቸው ነው። ሪከርዱ ይሄዳል።»

ሱናንዳ አልተከራከረችም።

«ባባ፣ ከእነዚያ ዙሮች በአንዱ አራት ብለህ የጻፍክልኝ ኳስ እግሬን ነው የመታኝ። ማታ ልነግርህ ስመጣ ለሰፈሩ ጣፋጭ እያደልክ ነበር። በማግስቱም ሰው ሞላ። ከዚያ በኋላ እንድትጠይቀኝ ስጠብቅ ኖርኩ።»

«እሺ ልጄ» ብለው ዘጉ።

ሁለት መቶ ዘጠና ስምንቱን በቀይ ሰረዙት። ከሥሩ የምሩናልን ስምና ሁለት መቶ ዘጠና ሰባትን ጻፉ፤ አሁን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ማኅተሙን ከመሳቢያው አውጥተው መቱ። ታምቤ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከ፤ ከኮልሃፑር «ደርሷል» የሚል መልስ እስኪመጣ ሁለቱም ዓይናቸውን ከስልኩ አልነቀሉም።

«ሳኼብ፣ ቅድም የተናገርኩት…» አለ ታምቤ።

«እሱን ተወው። ሦስት መቶ አንድ እንዳልሆነ ለልጅቷ ዛሬውኑ ንገራት። ካደረ አይነገርም።»