የረጋው የጾም ዘይት

የጾም ዘይቴ ከጠፋ ሳምንት አልፎታል። ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። ጎረቤቴን ሰርክአዲስን እንኳ «ዘንድሮ ሽሮሽ ወዘናው በዛ» ብዬ ስለነካካኋት ሰላምታ አቋርጠናል።

በዚህ ላይ የወለል ቴራዞ መጫኛ ማሽናችን ሞተ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለችው ሱቃችን የምትኖረው በእሱ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ መጫኛ ብረቱ ይወርድና መሐል ላይ ይቆማል፤ ሲሚንቶውን መጫን እምቢ አለ። ባሌ መብራህቱ ዛሬ ጠዋት ሻንጣውን ከአልጋ ስር አወጣ። «ማሽኑን ለቁራሌ እንስጠውና መቀሌ ወንድሜ ጋ እንግባ» አለኝ። እኔ ዶሮ ማነቂያ ተወልጄ፣ ሰፈሬ ፈርሶ እንኳ ከፒያሳ አልወጣሁም። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

መካኒኩን አማኑን የጠራሁት ቁራሌው ካሊድ ደጅ ቆሞ እየጠበቀ ነው። አማኑ ብረቱን በዘይት ግፊት የሚያወርደውን ፓምፕ ፈታው። ከሽሮ ድስቴ አይበልጥም። ክዳኑን እንዳነሳ ጣቱን አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ።

«እትዬ ዘውዲ፣ በጾም ምን እየጠበሳችሁበት ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነጣ ያለ፣ የረጋ ነገር። በታኅሣሥ ብርድ ጀሪካን ውስጥ የሚረጋብኝን ዘይት እኔ ካላወቅሁት ማን ሊያውቀው ነው? ወደ መብራህቱ ዞርኩ።

«ቢጫው ጀሪካን ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ዘይት ጎደለ፤ ዘይት አየሁ፤ ጨመርኩ።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ልሳደብ አፌን ስከፍት አማኑ «ቆይ እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ። መሐል ያለው ክብ ብረት ዙሪያውን ሆን ተብሎ ተሰንጥቋል፤ በየስንጥቁ ቀጭን የብረት ምላስ ተቀምጧል።

«ምላሶቹ ወጥተው የፓምፑን ግድግዳ ሲነኩ ነው ዘይቱን ጠርገው የሚገፉት። የእርስዎ ምላስ ቢተሳሰር ይሄ ሱቅ ይሠራል? የረጋው ዘይት እነዚህንም እንዲሁ አስሯቸዋል።»

«ስፕሪንጋቸው የታለ?» አልኩት።

«የላቸውም።»

«ታዲያ ማን ያወጣቸዋል?»

በናፍጣ አጥቦ ቦታቸው መለሳቸውና ዘንጉን በኃይል አሽከረከረው። ምላሶቹ ሁሉም አንድ ላይ ብቅ አሉ። ማንም አልነካቸውም።

«መሽከርከሩ ራሱ ነው» አለ። «ከዚያ የገፉት ዘይት ተመልሶ ከስራቸው ይገባና ይደግፋቸዋል። ሥራው በከበዳቸው ቁጥር አብዝቶ ይደግፋቸዋል።»

«ድገመው» አልኩት። ደገመው። ካሊድም ከደጅ ገብቶ አንገቱን አሰገገ። ስንት ዓመት ከዚህ ማሽን ጋር ስኖር ጉልበቱ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ይመስለኝ ነበር። ለካ እነዚህ ጥፍር የሚያካክሉ ብረቶች ናቸው ያን ሁሉ የሚሸከሙት። ሰውነቴን ወረረኝ። መብራህቱን መሳደቤን ረሳሁት።

አማኑ ሁሉን አጥቦ የማሽኑን ዘይት ሞላ። መብራህቱ ሲሚንቶውን ቅርጹ ውስጥ አፈሰሰ። ብረቱ ወረደ። መሐል ላይ ደረሰ። አልቆመም። ወርዶ ተጫነ፤ ውሃው በጠርዙ ተንጠፈጠፈ። ሲነሳ ቴራዞው አንድም ቦታ ሳይሸረፍ ቁጭ ብሏል። ካሊድ «ይሄማ የእኔ አይደለም» ብሎ ባዶ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣለና ሄደ።

መብራህቱ እርጥቡን ቴራዞ በመዳፉ እየዳሰሰ ቆየ።

«ዘውዲ» አለኝ፣ «ሻንጣውን ወደ ቦታው መልሺው።»

«ራስህ መልሰው» አልኩት እንባዬን እየጠረግሁ። «እኔ ሰርክአዲስ ጋ ይቅርታ ልጠይቅ መሄዴ ነው።»