ከካፖርት የተሰፋ ቅርጫት

ወልደመስቀል ከጦር ሜዳ የተመለሰው ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ ሶዶ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ በሰነበተበት ክረምት ነው። ሚስቱ ይመኙሻል ሞቷል ብላ ልታለቅስለት ጥቂት ሲቀራት በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። የለበሰው ጥጥ የተሞላ ወፍራም የወታደር ካፖርት ነበር። ከዚያ ሌላ ያመጣው ነገር ቢኖር በኪሱ የያዘው አንድ መቀስና በጨርቅ የተጠቀለሉ መርፌዎች ብቻ ናቸው።

በሠራዊቱ ውስጥ የኖረው ልብስ ሰፊ ሆኖ ነው። ድንኳን ሰፍቷል፣ ኮሌታ ተክሏል፣ ብርድ ለሚጠናበት ግንባር ካፖርት በጥጥ ደርቧል። ሶዶ ሲመለስ ግን የልብስ ስፌት መኪና የሚያውሰው ሰው አጣ። የገበያው ልብስ ሰፊዎች ወሬውን በትህትና ይሰሙና "ለራሳችንም ሥራ ጠፍቷል" ብለው ይሸኙታል። የፈረሰ ጦር ወታደር ደጁ ላይ ቆሞ ሲያይ ደስ የሚለው ባለ ሱቅ በዚያ ዘመን አልነበረም።

ይመኙሻል እሱ ባልነበረባቸው ዓመታት የኖረችው ለሸማኔዎች ጥጥ እየፈተለች ነው። ከኦቶና ሰፈር ወደ መሀል ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር በተከራየቻት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንዝርቷን ስታሾር ትውላለች። ባሏን ስታገኝ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ውሎ ሲያድር ግን አንድ ሰው ፈትሎ ሁለት ሰው ማደሩ እየከበዳት መጣ።

በዚህ መሀል ታላቅ ወንድሟ ገብረአማኑኤል መላ ይዞ ብቅ አለ። ገብረአማኑኤል በመሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን የሠራ፣ ሰው የሚያውቅ፣ ተናግሮ የሚሰማ ሰው ነው። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ለእሷ እንደ አባት የሆነላትም እሱ ነው።

"ቦምቤ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን ጠባቂ ይፈልጋል" አለ ለወልደመስቀል፣ የረጠበ ዣንጥላውን ግድግዳው ላይ እያስደገፈ። "ስለ አንተ ነግሬያቸዋለሁ። ወታደር መሆንህን ሲሰሙ ወዲያው እሺ አሉኝ። መኝታ አለው፣ ደሞዝ አለው፣ ጠመንጃውንም እነሱ ናቸው የሚሰጡህ።"

ወልደመስቀል አንገቱን ደፋ። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ጥበቃውን ጠልቼ አይደለም። ጠመንጃ ግን አልይዝም።"

"አልይዝም ማለት ምን ማለት ነው?"

"አልይዝም ማለት ነው።"

ገብረአማኑኤል እህቱን ዞሮ አያት። እሷም መሬት መሬት አየች። "ቦታውን እስከ መስቀል ያቆዩልኛል" አላት ሲወጣ። "ሚስቱ አንቺ ነሽ፣ አስረጂው።"

ለማስረዳት ያልሞከረችው ነገር የለም። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው። ምክንያቱን ስትጠይቀው ዝም ይላል። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ለክርክር አይመችም።

አንድ ቀን የሚነደፍ ጥጥ ይዛ ወጥታ ስትመለስ፣ ወልደመስቀል ካፖርቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አንዱን እጅጌ ከትከሻው ሲቆርጠው ደረሰች።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ቅርጫት ልሰፋ ነው።"

የሚያሾፍ መስሏት ፊቱን አየችው። አላሾፈም። ካኪውን ከውጭ፣ አቡጀዲውን ከውስጥ አድርጎ፣ በመሀላቸው ጥጥ አነጥፎ በመርፌ እየወጋ ይጠቅመው ጀመር። የካፖርቱ ጥጥ ስላልበቃው የጨመረው ጥጥ የእሷ ነበር፤ ለሸማኔ ልትፈትለው ካስቀመጠችው ላይ ያነሳው። የዚያን ዕለት የተናገረችውን ቃል በኋላ ስታስታውሰው ታፍርበታለች።

የመጀመሪያው ቅርጫት አልቆመም። መሬት ላይ ሲያስቀምጠው ጎኑ ውስጥ ለውስጥ ታጥፎ ልክ እንደ ሰከረ ሰው ዘፍ አለ። ጎረቤታቸው ብርቄ ጨው ልትበደር ገብታ አየችውና "ወንድ ልጅም እንዲህ ያለ ነገር ይሰፋል እንዴ?" ብላ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ብርቄ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሳቋ ግን ግቢውን ሁሉ አዳረሰ።

ወልደመስቀል ስፌቱን ተረተረው። ከዚያ የካፖርቱን ኮሌታ አንስቶ ለይመኙሻል በጣቱ አሳያት። "ይሄን እዪ። ከስንት ዓመት በኋላም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለምን መሰለሽ? ስፌቱ ተጠጋግቶ ነው። መስመር ከመስመር አጠገብ፣ ጣት እንኳ እስከማያስገባ ድረስ። ጥጡ ሲታፈን ይጠነክራል።"

እሷ ወደ እንዝርቷ ዞረች። እሱ ግን ከበሩ አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት ተቀምጦ፣ በእጁ መስመር ከመስመር እያጠጋጋ ሰፋ። ቀኑ ሲመሽ እዚያው ያቆማል፣ ሲነጋ እዚያው ይቀመጣል። ሁለተኛው ቅርጫት ቆመ። ሦስተኛውም ቆመ፤ ጠርዙን በቀይ ጨርቅ ዘምዝሞ ሁለት እጀታ አበጀለት። ከዚያም አንዱን ትንሽ አድርጎ ሌሎች ሁለት ጨመረ።

መስቀል እየቀረበ ነው። ይመኙሻል አንድ ነገር ቆረጠች። ቅርጫቶቹን ማንም ወደማያውቃት ወደ ቦዲቲ ገበያ ትወስዳቸዋለች። ማንም አይገዛቸውም። እንዳሉ ይዛቸው ትመጣና "ይኸው፣ ሞከርነው፣ አልሆነም፣ አሁን ቦምቤ ሂድ" ትለዋለች።

"ገበያ ልወስዳቸው ነው" ስትለው ፊቱ በራ። ከጎኑ የቆመችለት መሰለው። ተነስቶ ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ አራገፈ፣ ክሩን በጥርሱ ቆረጠ፣ በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልሎ ሰጣት። አውቶቡስ ላይ ጥቅሉን አቅፋ ስትሄድ ያ ፊቱ ዓይኗ ላይ መጣባት። ሐሳቧን ግን አልለወጠችም።

ቦዲቲ ገበያው ደርቷል። በሸክላ ሻጮችና በዶሮ ሻጮች መሀል ቦታ አግኝታ ተቀመጠች። ሰው ያያል፣ ይነካል፣ ያልፋል። ቅቤ የምትሸጥ አንዲት ወፍራም ሴት ከማዶ ሆና "የሕፃን ቆብ ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"ቅርጫት ነው።"

"ቅርጫት ከሣር ነው የሚሰፋው። ይሄን ማን ሰፋው?"

"ባሌ።"

ቅቤ ሻጯ አጠገቧ ላሉት በወላይትኛ ነገረቻቸው፤ ተሳሳቁ። ከዚያ በአማርኛ "ካልሽማ ቀሚስሽን ስጪው፣ የቀረው እሱ ነው" አለቻት።

ይመኙሻል ቦዲቲ ድረስ የመጣችው ይህንን ልትሰማ ነበር። አሁን ጠቅልላ መነሳት ነበረባት። እጇ ጥቅሉ ላይ ደርሶ ቆመ። ፊቷ ጋለ፤ ያጋላት ግን ያሰበችው ኀፍረት አልነበረም።

"ባሌ የሰፋውን ለብሶ ስንቱ ሰው ከብርድ ተርፏል" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "አንቺም የሰፋሽውን አምጪና አብረን እንሳቅ።"

ቅቤ ሻጯ ወደ ቅቤዋ ዞረች። ይመኙሻል ቅርጫቶቹን ከጨርቁ ላይ አንስታ ሰው በደንብ እንዲያያቸው ወደ ፊት አስጠጋቻቸው። ለምን እንዳስጠጋቻቸው ራሷም አላወቀችውም።

ይህን ሁሉ ስታይ የቆየች አንዲት ሸምገል ያለች ሴት መጥታ ቁጢጥ አለች። አሳየሽ ትባላለች። በየመንደሩ እንቁላል ሰብስባ በአውቶቡስ ሶዶ እየወሰደች የምትሸጥ ናት። አማርኛዋ ወንዱን ከሴቷ እያፈራረቀ ቢጠራም ነገሯ ግልጽ ነበር። የቅርጫቱን ጎን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

"ይሄ እንቁላል ትይዛለች?"

"እኔ እንጃ" አለች ይመኙሻል እውነቱን።

"እንይ።"

አሳየሽ ከራሷ እንቁላሎች ቅርጫቱን ሞላችው። ከጉልበቷ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። አንድ በአንድ ሲያወጧቸው በጎን በኩል የነበሩት ሁሉ ደህና ናቸው፤ ከታች መሀል ላይ የነበሩት ሁለቱ ተሰንጥቀዋል።

"ጎኑ ጎበዝ ነው" አለች አሳየሽ ጣቷን እየጠረገች። "ታቹ ግን ሰነፍ ነች። ታቿን አወፍሩልኝ። ክዳንም ይኑራት፣ አውቶቡስ ላይ ሰው ዕቃዬ ላይ ይቀመጣል። እንደዚያ ከሆነ ሦስት እወስዳለሁ፣ በሚመጣው ገበያ።"

"ካልያዘስ?"

"ካልያዘ አልወስድማ።"

ለተሰነጠቁት እንቁላሎች ካሣ ትንሹን ቅርጫት ሰጥታት ይመኙሻል ሶዶ ተመለሰች። ወልደመስቀል መንገድ ድረስ ወጥቶ ነበር የጠበቃት። ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ፈርቶ ጥቅሉን ብቻ ተቀበላት። እሷም ልትለው ያሰበችውን ሁሉ ተወችው።

"ታቹ ሰነፍ ነው" አለችው።

ቤት ገብተው ስለ አሳየሽ ሁሉን ነገረችው፤ የቅቤ ሻጯን ነገር ግን ዘለለችው። ወልደመስቀል የቅርጫቱን ወለል በጣቱ ተጫነው፣ ገልብጦ አየው። "እውነቷን ነው" አለ። ከካፖርቱ የቀረው ጀርባው ነበር። ለብርድ ሌላ ልብስ አልነበረውም። አንስቶ ለሦስት ወለል እንዲበቃ አድርጎ ቆረጠው።

ሥራው እንዳሰቡት አልቀለለም። ወለሉ ሲወፍር መርፌው አልበሳ አለ፤ አንዱ ተሰበረ፣ ሌላው ጎበጠ። ይመኙሻል የጆንያ መርፌ ገዝታ አመጣችለት። በዚያም እየገፋ መዳፉ ደማ። ክዳኑ ደግሞ አልገጥም አለ፤ በልኩ ተቆርጦ ተጠቅሞ ሲያልቅ አፉን አይሸፍንም።

ይመኙሻል ጥጡን እያፍታታች ስታየው ቆይታ "ጨርቁ በስፌት ይሰበሰባል" አለችው። "ስትጀምር ከልኩ አስፍተህ ቁረጠው። ጠቅመህ ስትጨርስ ከዚያ አስተካክለው።"

መቀሱን አቀበላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክዳኑን የምትቆርጠው እሷ ሆነች፣ መጥቀሙንም እያየች ለመደችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም እያቀረቀሩ ሲሰፉ ወልደመስቀል ሳትጠይቀው ተናገረ።

"ሄኖክ የሚባል ነበር፣ ከጎኔ የሚሰፋ። ቁልፍ መትከል የእሱ ሥራ ነበር። በመጨረሻ ነገሩ ሲበላሽ ልብስ ሰፊዎቹንም ሰብስበው ጠመንጃ አደሉን። እሱ ጥይት ማጉረስ እንኳ በቅጡ አያውቅም። በማግስቱ ሲወድቅ መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። እኔ በሰፋሁት ድንኳን ጠቅልዬ ቀበርኩት።" ክሩን ሳበ። "ያን ቀን የማልኩትን ማልኩ። ጋሼን ንቄያቸው አይደለም።"

ይመኙሻል መርፌዋን አስቀምጣ የደማ መዳፉን ያዘችው። ከዚያ በኋላ ስለ ቦምቤ አላነሳችበትም።

የገበያው ቀን ሲቃረብ ከብርቄ አንድ እንቁላል ተበድረው ቅርጫት ውስጥ አስቀመጡ፣ ክዳኑን ዘጉ፣ ከጠረጴዛ ላይ ገፉት። ብርቄም እንቁላሏ ምን እንደምትሆን ለማየት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቅርጫቱ ነጥሮ ተንከባለለ። ይመኙሻል ክዳኑን ከፍታ እንቁላሉን ሳይሰነጠቅ ለብርቄ መለሰችላት።

ለአሳየሽ ግን የደረሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የሦስተኛው ክዳን አላለቀም ነበር። ይመኙሻል ይዛቸው ሄደች። አሳየሽ እንቁላል ሞልታ ሁለቱንም ጣለቻቸው፤ አንድም አልተሰነጠቀም። "ሦስት ነው ያልኩት" አለች አኩርፋ፣ ሁለቱን እያቀፈች። "ሦስተኛዋን ሳታመጪ እንዳትቀሪ።"

በመስቀል ዋዜማ ገብረአማኑኤል መጣ። ሰፈሩ ሁሉ የበሬ ቅርጫ እያለ ይተራመሳል። እሱ ግን ቤቱ ውስጥ የተከመረውን ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የተበተነውን ጥጥ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚሰፋውን አማቹን አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

"ሰዎቹ ነገ ከነገ ወዲያ መልስ ይፈልጋሉ" አለ።

ወልደመስቀል አፉን ሊከፍት ሲል ይመኙሻል ቀደመችው። "ጋሼ፣ ለቦምቤው ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

"እሱ ነው እንዲህ በይ ያለሽ?"

"እኔ ነኝ የምለው።"

"የሴት ሥራ ይዞ ቤት ሲውል ሰው ምን ይላል? አስበሽዋል?"

"የሚለውን ቦዲቲ ላይ ሰምቼዋለሁ" አለች። "ከዚያ የባሰ አይልም። እርስዎ ለእኛ ብለው ስንት ደጅ እንደጠኑ አውቃለሁ፣ ውለታዎን አልክድም። እሱ ግን ጠመንጃ አይይዝም። እኔም ያዝ አልለውም።"

ገብረአማኑኤል ዣንጥላውን አነሳ። ያቀረበችለትን አልቀመሰም። በመስቀል ወንድሟ ከቤቷ ሳይቀምስ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። በሩ ላይ ቆማ እስኪሰወር ድረስ አየችው፤ እንባዋ ወረደ። ተመልሳ ገብታ የሦስተኛውን ቅርጫት ክዳን አነሳች።

የቦምቤውን ሥራ ሌላ ሰው ያዘው። ገብረአማኑኤል እስከ ጥምቀት ድረስ አልመጣም። ሲመጣም ተቀምጦ ስለ መንገዱና ስለ ፀሐዩ አወራ፣ ቀምሶ ሄደ፤ ስለ ቅርጫት አላነሳም። እሷም አላነሳችበትም።

አሳየሽን ያዩ ሌሎች እንቁላል ነጋዴዎች መጡ። ብርቄ ለምትወልድ እህቷ የሕፃን ልብስ ማስቀመጫ አዘዘች፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው ሴቶች አንዷ ለዳቦ፣ አንዷ ለብርጭቆ እያሉ ተከታተሉ። ጥሩ ወር ነበር፣ ማንም የማይመጣበት ወርም ነበር። ማንም ባልመጣበት ወር ይመኙሻል እንዝርቷን ታነሳለች፤ ወልደመስቀል ያለውን ሰፍቶ ይደረድራል።

ካፖርቱ አልቆ ስለነበር ጨርቅ የሚገዙት ከሰልባጅ ተራ ነው። አንድ ጠዋት ይመኙሻል ትልቅ ወፍራም መጋረጃ ተሸክማ መጣች። ወልደመስቀል ዘርግቶ መሀሉን በጣቱ እየመታ ቀዳዳ ፈለገ።

"ስንት ቅርጫት ይወጣዋል?" አለችው።

"አንቺ ቁረጪና እናያለን" አላት፣ አንዱን ጫፍ ይዞ እየወጠረ።

ሌላውን ጫፍ በጉልበቷ ተጭና መቀሱን አስገባች።